ሲስተሙ ገባ፣ ሥራው ግን ዛሬም በኤክሴል ነው

ኢአርፒ (የድርጅቱን ስቶር፣ ሂሳብና ደመወዝ በአንድ ላይ የሚይዝ ሲስተም) ተገዝቶ፣ ስንት ወር ቆይቶም ሠራተኛው «ሲስተሙ አስቸገረን» እያለ ከሆነ፣ ለውጥ አይወድም ብላችሁ አትለፉት። ሄዳችሁ ጠረጴዛውን እዩ።

ምልክት፦ ከሲስተሙ ጎን ኤክሴል ተከፍቷል

ትልቁ ችግር ይሄ ነው። እኔ የሠራሁበት ቤት ስቶር ኪፐሯ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) በእጇ ትቆርጣለች፣ ማታ ያንኑ ሲስተም ላይ ታስገባለች፣ አርብ ደግሞ አለቃዋ «በኤክሴል አምጪልኝ» ስለሚላት ለሦስተኛ ጊዜ ትጽፈዋለች። አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ! እሷን መልሶ ማሰልጠን ምን ይጠቅማል? ሲስተሙ ሥራ ጨመረባት። ተመራማሪው ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው አንድን ሶፍትዌር ለመጠቀም ከቅለቱ ይበልጥ ጥቅሙን እንደሚያይ አሳይቷል።

ስለዚህ ከአለቃው ጀምሩ። ሪፖርቱን ራሱ ከሲስተሙ ይክፈት። ሞዴል 19ም ከሲስተሙ ይታተም፤ ኦዲተሩ እንዲቀበለው አስቀድማችሁ ተነጋገሩና የእጁ ጥራዝ የሚቆምበትን ቀን ቁረጡ። እኛ ጋ ጥራዙ ሲቆም ልጅቷ ማምሸቷን ተወች።

ምልክት፦ ዳታው ውስጥ ነጥብና ዜሮ በዝቷል

አስገዳጅ ሳጥኖቹን እዩ። የማያውቀውን ካልሞላ አላሳልፍ ሲለው ሰው ነጥብ መትቶ ያልፋል። «የቤተሰብ ስም» የሚለው ላይማ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ይገኛል። ግማሽ ቀን ሠራተኛው አጠገብ ተቀመጡ። ነጥብ የሚመታበትን ሁሉ መዝግቡ። ማንም የማያነበው ሳጥን አስገዳጅ አይሁን። ስሙንም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ብላችሁ ለዩት።

ምልክት፦ ወር መጨረሻ ላይ ይንቀራፈፋል

ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ኔትወርኩን አስፈትሹ። ሁሉም ጋ ከሆነ ደመወዝ፣ ሂሳብ መዝጊያና ከባድ ሪፖርት በተመሳሳይ ሰዓት እየሄዱ ይሆናል። ሪፖርቱን ወደ ሌሊት አዙሩት።

ምልክት፦ ሰልጥነዋል፣ ግን ጠፍቶባቸዋል

ስልጠናው ሆቴል ውስጥ፣ በምሳሌ ዳታ፣ ሲስተሙ ሥራ ሳይጀምር ከወራት በፊት ከተሰጠ መረሳቱ አይቀርም። በየጠረጴዛቸው፣ በራሳቸው ሰነድ ድገሙላቸው። ከየክፍሉም ጎበዝ የሆነ አንድ ሰው ምረጡ፣ ግን እባካችሁ ከመደበኛ ሥራው ቀንሱለት፤ የሰው ጥያቄ ሲመልስ ውሎ የራሱን ሥራ ቤቱ ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ አይቆይላችሁም።