የልብ ቫልቭ በቱቦ ሲቀየር፦ ስለ አንጎል ማጣሪያው ምን ትጠይቃላችሁ?

ድሬዳዋ ውስጥ የልብ ሕሙማንን የማይ ነርስ ነኝ። ከከዚራም ከሳቢያንም የአባታቸውን ወረቀት በፌስታል ይዘው የሚመጡ አሉ። «ህንድ ቫልቩን በቱቦ እንቀይራለን አሉን። የአንጎል ማጣሪያ ከተጨመረ ግን ዋጋው ይጨምራል። ይግባ ወይስ ይቅር?» ይሉኛል።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። በዕድሜ የጠበበ የአዮርታ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ላይ ካልሲየም ተጋግሮበታል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በብሽሽት በኩል ባስገባው ቱቦ አዲሱን ቫልቭ ሲከፍት ፍርፋሪ ሊነሳ ይችላል። ያ ፍርፋሪ ከደም ጋር ወደ አንጎል ከወጣ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ሴንቲኔል የሚባለው መሣሪያ በቀኝ እጅ አንጓ ይገባና ወደ አንጎል ደም በሚወስዱ ሁለት የደም ሥሮች ውስጥ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ፣ ሁለት ማጣሪያ ይዘረጋል። ልክ እንደ ሻይ ማጥለያ ደሙን አሳልፎ ፍርፋሪውን ያስቀራል። ቀዳዳው 140 ማይክሮን (0.14 ሚሊሜትር) ነው። ሥራው ሲያልቅ ከነያዘው ይወጣል።

ሐኪሙን «የአባታችን የደም ሥር ለማጣሪያው ይመቸዋል ወይ?» በሉት። መልሱ ሲቲ ስካኑ ላይ አለ። በቀኝ ያለው ሥር ከ9 እስከ 15 ሚሊሜትር፣ የግራው ከ6.5 እስከ 10 ሚሊሜትር መስፋት አለበት። «ያልተሸፈነ ሥር አለ?» ብላችሁም ጠይቁ። አለ፤ በግራ በኩል ወደ ኋለኛው አንጎል የሚሄደው ክፍት ይቀራል።

ጥቅሙስ? በ2022 የወጣ የ3000 ሕሙማን ጥናት ማጣሪያ ካላቸው 2.3 በመቶ፣ ከሌላቸው 2.9 በመቶ ስትሮክ አገኛቸው ይላል። ልዩነቱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በ2025 እንግሊዞቹ ከ7600 በላይ ሰው አይተው ማጣሪያ ካላቸው 2.1፣ ከሌላቸው 2.2 በመቶ አገኙ፤ ያው ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ለአባታችሁ የተለየ ምክንያት ካለው በደንብ ስሙት። ለማጣሪያው ብላችሁ ግን ብድር አትግቡ፣ ቤትም አትሽጡ።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ግን እንዳትተዉት። ቫልቩ ከመቀየሩ በፊት ባለው ቀን አባታችሁን በስልክ ቪዲዮ ቅረጿቸው። ፈገግ ይበሉ፣ ሁለት እጃቸውን ያንሱ፣ የልጆቻቸውን ስም ይጥሩ። በሚያወሩት ቋንቋ ይሁን፤ ኦሮምኛም፣ ሶማልኛም፣ ሐረሪም ቢሆን። እዚያ ያለችው ነርስ የእኛን አገር ቋንቋ አትሰማም። አንደበታቸው መጎተቱን ቀድሞ የሚያውቀው ልጃቸው ነው። ቪዲዮው ደግሞ ለሐኪሙ ማስረጃ ይሆናል።

ከሰመመን ከነቁ በኋላ ያንኑ ደጋግማችሁ አሠሯቸው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት። አፋቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከወረደ ወይም ንግግራቸው ከተቀየረ «ደክሟቸው ነው፣ ይተኙ» አትበሉ። ያኔውኑ ነርስ ጥሩ። ደህና ሆነው ያያችኋቸው የመጨረሻው ሰዓት ስንት እንደነበር ንገሯት፤ ሕክምናው በዚያ ይወሰናል። ሐኪም መዋጥ መቻላቸውን ሳያይ ውሃም ቢሆን አትስጧቸው፤ ትን ሊላቸው ይችላል።