የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ዱቄት

ሰው የብርቱካን ልጣጭ ሲጥል ሳይ አንጀቴ ያርራል። ዋናው መዓዛ ያለው እኮ እዚያ ነው!

መጀመሪያ ፍሬውን በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ ብዙ ጊዜ እንዲያብረቀርቅ ሰም ይቀባል። ሳሙና አያስፈልግም፣ በብሩሽ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በድንች መላጫ ላይ ላዩን ብቻ ላጡት። ነጩ የውስጥ ክፍል መራራ ነው፤ ከመጣ በቢላ ፋቁት። ቁራጩን ወደ ብርሃን ስታነሱት የዘይት ነጠብጣቦቹ ጥርት ብለው ከታዩ በደንብ ልጣችሁታል ማለት ነው።

ለማድረቅ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ላይ ለጥቂት ቀናት ማስጣት ይቻላል። ፀሐይ ላይ ግን አይሁን፣ ቀለሙም ሽታውም ይሄዳል። ለቸኮለ ኦቨን አለ፦ ከ90 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከ1 እስከ 2 ሰዓት። የሎሚ ልጣጭ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ ይደርቃል፤ እኔ ከብርቱካኑ ጋር አንድ ትሪ ላይ አላደርገውም። መድረሱን የምታውቁት ስታጥፉት ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከተለመጠ ገና ነው፤ እንዲሁ ከከደናችሁት ይሻግታል።

ሳይቀዘቅዝ አትፍጩ። በቡና መፍጫ አጠር አጠር አድርጋችሁ፣ እያሳረፋችሁ ፍጩት፤ መፍጫው ከጋለ መዓዛው ይተናል። የቡናው ሽታ እንዳይዘው አስቀድማችሁ ትንሽ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና ጥረጉት። ከዚያ ዱቄቱን በወንፊት ንፉት። ሁሉንም ባንዴ ባትፈጩት ይሻላል፤ ያልተፈጨው መዓዛውን ይዞ ይቆያል። ሁለቱንም በደንብ በሚከደን ብልቃጥ፣ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮምጣጣነት ሲጠብቅ ነው። ኮምጣጣው ያለው ጭማቂው ውስጥ ነው፤ ዱቄቱ የሚሰጠው መዓዛ ነው። ስለዚህ ሾርባ ላይ ሊወርድ ሲል ጨምሩት። ዓሣና ዶሮ ላይ ከጨው ጋር ቀላቅሎ ማሸት ያምራል፤ ኃይለኛ እሳት ላይ ግን ቶሎ ያርራል፣ ይመርራልም። ለኬክ መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በጣት እሹት፣ ልዩነቱን በአፍንጫችሁ ታውቁታላችሁ። የምግብ አሰራሩ 1 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ልጣጭ ካለ፣ ከዱቄቱ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የቀረውን ሻይ ውስጥ ቆንጠር አድርጉ፣ ከቀረፋ ጋር በጣም ይስማማል።