ቋሚ ምላጭ ወይስ ሜካኒካል? የአደን ቀስት ጫፍ አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ በደጋን አጋዘን ለማደን የሚዘጋጅ ሰው ሱቅ ሲገባ ሁለት ዓይነት የቀስት ጫፍ ያገኛል። አንደኛው ምላጩ ሁልጊዜ እንደተዘረጋ ነው፤ ቋሚ ይባላል። ሌላው ምላጩን አጥፎ ይበርና እንስሳውን ሲመታ ይከፈታል፤ ሜካኒካል የሚሉት እሱን ነው።

ቀስት የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ሁለቱንም ሳንባ በስቶ ቢያልፍ አጋዘኑ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ሮጦ በሰከንዶች ውስጥ ይወድቃል። ካልሆነ ቆስሎ ጫካ ይገባል፣ ሲሰቃይ ይውላል። ምርጫው የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እዩ። የሚፈቀደው ጫፍ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ለምሳሌ ኮሎራዶ ስፋቱ ቢያንስ 7/8 ኢንች የሆነና ሁለት የብረት ስለት ያለው ጫፍ ትጠይቃለች። የስቴታችሁን የአደን ደንብ ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ።

ቀጥሎ የቀስታችሁን ጉልበት አስሉ። ቀስቱን ከነጫፉ ግሬን በሚባለው ትንሽ የክብደት መለኪያ መዝኑ። በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚበር ሱቁ ውስጥ አስለኩ። ፍጥነቱን በራሱ አባዙ፣ በክብደቱ አባዙ፣ ለ450,240 አካፍሉ። 400 ግሬን ቀስት በ250 ጫማ ቢበር 55 ጫማ-ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። 350 ግሬን በ200 ጫማ ግን 31 ብቻ ነው።

ብዙውን የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። ሜካኒካሉ ሲከፈት ጉልበት ይበላል። ከተከፈተ በኋላ አንድ ተኩል፣ አንዳንዱም ሁለት ኢንች ይሰፋል። ሰፊ ቁስል ደም በደንብ ያፈሳል፣ ዱካ መከተልም ያቀላል፤ ግን ጠልቆ ለመግባት ይከብደዋል። ቋሚው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 1¼ ኢንች ነው። ጠበብ ቢልም ይጠልቃል፣ እምቢ የሚል ተከፋች ነገርም የለውም። ውጤታችሁ ከ40 በታች ከሆነ፣ ወይም እንደ ኤልክ ያለ ትልቅ እንስሳ ካሰባችሁ፣ ሳታመነቱ ቋሚውን ያዙ። 55 እና ከዚያ በላይ ካገኛችሁና የምታድኑት ነጭ ጅራት አጋዘን ከሆነ ሜካኒካሉም ይሆናል። በመሃል ላላችሁ ምክሬ አሁንም ቋሚው ነው። ሜካኒካል የያዘ ሰው በጣም በሰያፍ መምታት የለበትም፤ ቀስቱ ሊንሸራተት ይችላል። የወርች አጥንትም ያስቆመዋል። አጋዘኑ ጎኑን እስኪሰጣችሁ ጠብቁ።

ብዙ ሰው ሜካኒካል የሚገዛው ምላጭ እንደሌለው የልምምድ ጫፍ ቀጥ ብሎ ስለሚበርለት ነው። የቋሚው ምላጭ አየር ላይ እንደ ክንፍ ስለሚሆን የደጋኑን ጉድለት ያጋልጣል። ይህ ግን ይስተካከላል። በ20 ያርድ ርቀት መጀመሪያ በልምምድ ጫፍ፣ ከዚያ እኩል ክብደት ባለው የአደን ጫፍ ወርውሩ። የአደን ጫፉ ወደ ግራ ከሄደ ደጋኑ ላይ ያለውን የቀስቱን ማሳረፊያ ወደ ቀኝ ግፉ፤ በአንድ ጊዜ 1/32 ኢንች ይበቃል። ሁለቱ አንድ ቦታ እስኪያርፉ ድገሙት። ደጋኑ ከተስተካከለ ሜካኒካል የመግዛት ትልቁ ምክንያት ይቀራል።

ጫፉን ስትፈቱም ስታጠብቁም በራሱ መፍቻ ይሁን፤ በጣት እንዳትሞክሩት። የተለማመዳችሁበት ምላጭ ደንዝዟል፣ ለአደን ቀን አዲስ አስገቡ። ሜካኒካል ከሆነም ምላጩን አጥፎ የሚይዘውን ጎማ ወይም ቀለበት አብራችሁ ቀይሩ።