የባህል ምግብ ዝግጅት ላይ ስትገኙ ይህን ጠይቁ

የባህል ምግብና የጤናማ አኗኗር ዝግጅት በአካባቢያችን ሲኖር ብዙዎቻችን ቀማምሰን፣ ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን። በሚቀጥለው ግን ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ምግቡን የሠሩትን ትልልቅ ሰዎች «ምን ገባበት?» ብቻ ብላችሁ አትለፏቸው፤ «ስንት ሰዓት ተዘፈዘፈ? ስንት ቀን ተቦካ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ምክንያቱም የብዙ ባህላዊ ምግብ ጥቅም ያለው አሠራሩ ላይ ነው። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን ይዞ ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስዳቸው ያደርጋል። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ይህንን ይቀንሱታል። ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ለመውሰድ ያግዛል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር ባይጠጡ ይሻላል፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆዩ።

ባህላዊ ስለሆነ ብቻ ጨው አይበዛበትም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ይህንንም ጠይቁ።

አዘጋጅ ከሆናችሁ፣ ለቅምሻ የቀረበ የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ሳይሞቅም ሳይቀዘቅዝም ተቀምጦ እንዳይቆይ አደራ። ጥቂት ጥቂት እያወጣችሁ ተኩት። የእጅ መታጠቢያውንም መግቢያው ላይ አድርጉት፤ ጥግ ላይ ከሆነ ማንም አይሄድበትም።