የስለላ መስሪያ ቤት ማስተባበያ ሲያወጣ ዜናውን እንዴት እንሥራው?

የስለላ መስሪያ ቤትና የሕዝብ ተመራጮች ሲጋጩ ጋዜጠኛው እጅ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት መስመር ማስተባበያ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ለአማርኛ ሬዲዮና ድረ ገጽ የምትሠሩ ደግሞ እሱኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተርጉማችሁ ማሰራጨት ይጠበቅባችኋል። ያ ጽሑፍ ግን የሕግ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ቃል መርምረው ያሳለፉት ነው፤ በችኮላ ከተነበበ ያሳስታል። ከዚህ በታች በዋናነት የምንጠቀምበት ምሳሌ በ2014 ሲአይኤና የሴኔቱ የስለላ ኮሚቴ የተጋጩበት ጉዳይ ነው። ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክሱንና መልሱን ጎን ለጎን አስቀምጡ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል ተቋሙ አደረገ የተባለውን ድርጊት፣ በምን ላይ እንዳደረገውና መቼ እንደሆነ ጻፉ። በቀኝ በኩል ተቋሙ "አላደረግሁም" ያለውን በራሱ ቃል አስፍሩ። ከዚያ ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ማርች 11 ቀን 2014 የኮሚቴው ሊቀመንበር ዳያን ፋይንስታይን በሴኔቱ ምክር ቤት ቆመው ሲአይኤ የኮሚቴውን ኮምፒውተሮች ፈትሿል አሉ። የኮሚቴው ሠራተኞች ሲአይኤ በሽብር የተጠረጠሩ እስረኞችን በጨካኝ ዘዴዎች ጭምር ይመረምርበት የነበረውን ፕሮግራም ያጠኑ የነበረው ሲአይኤ በሰሜን ቨርጂኒያ ባዘጋጀው ሕንፃ፣ ሲአይኤ ባቀረበው ኮምፒውተር ሲሆን፣ ከ6 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሰነድ ተሰጥቷቸው ነበር። የኮሚቴው የሥራ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ግን ለብቻው እንዲከለል ስምምነት ነበረ። የሲአይኤው ዳይሬክተር ጆን ብሬናን በዚያው ቀን ሲጠየቁ፣ ተቋማቸው የሴኔቱን ኮምፒውተሮች ሰብሮ ገብቷል መባሉ ፈጽሞ ከእውነት የራቀ ነው ብለው መለሱ።

አሁን ወረቀታችሁን ተመልከቱ። በግራ "ፈተሸ" ይላል፣ በቀኝ "ሰብሮ አልገባም"። ኮምፒውተሮቹን ያቀረበው ራሱ ሲአይኤ ስለሆነ፣ በገዛ ዕቃዬ ላይ ሰብሮ መግባት የለም ብሎ መከራከር ይቻላል። ስለዚህ በዚያን ዕለት ለቃል አቀባዩ መቅረብ የነበረበት ጥያቄ ይህ ነው፦ "ለኮሚቴው ብቻ በተከለለው ክፍል ውስጥ የእናንተ ሠራተኛ ገብቷል? መቼ? ማን ፈቀደለት?" ጁላይ 31 ቀን የሲአይኤ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር (የተቋሙ የውስጥ ተቆጣጣሪ) አምስት ሠራተኞች፣ ማለትም ሁለት የሕግ ባለሙያዎችና ሦስት የኮምፒውተር ባለሙያዎች፣ ያለአግባብ መግባታቸውን ይፋ አደረገ። ብሬናንም የኮሚቴውን መሪዎች ይቅርታ ጠየቁ። በማርች "ሲአይኤ ኮምፒውተር አልፈተሸም" ብሎ የጻፈ ሁሉ ዳይሬክተሩ ያላሉትን ጽፏል።

"ኮንግረስ ያውቀዋል" ሲባል

ይህ አባባል በጣም ያታልላል። በ1947 የወጣውና በየጊዜው የተሻሻለው የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ የሴኔቱና የተወካዮች ምክር ቤቱ ሁለት የስለላ ኮሚቴዎች ሙሉና ወቅታዊ መረጃ እንዲደርሳቸው ያዛል። ድብቅ ዘመቻ ሲሆን ግን ፕሬዚዳንቱ በልዩ ሁኔታ ለስምንት ሰዎች ብቻ እንዲነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ለተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤና የአናሳ ፓርቲ መሪ፣ ለሴኔቱ የአብላጫና የአናሳ ፓርቲ መሪዎች፣ እንዲሁም ለሁለቱ ኮሚቴዎች ሊቀመንበሮችና ከተቃራኒው ፓርቲ ለተመረጡት አቻዎቻቸው። ስለዚህ ለማን እንደተነገረ፣ ከድርጊቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ አማካሪዎቻቸው ክፍሉ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ ጠይቁ። በምርመራ ፕሮግራሙ ጊዜ ጨካኞቹ ዘዴዎች ለሴኔቱ ኮሚቴ መሪዎች የተነገሩት በሴፕቴምበር 2002 ነው፤ እስረኛ ላይ ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ ማለት ነው። የቀሩት አባላት የሰሙት ደግሞ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2006፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ ፕሮግራሙን በአደባባይ ባመኑበት በዚያው ቀን ነበር። "ኮንግረስ ያውቀዋል" ማለት ከዚህ ሁሉ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ሳታውቁ አትጻፉት።

ስማቸው ያልተጠቀሰ ባለሥልጣናት

የኮሚቴ አባል በምስጢር የተያዘ ጉዳይ ላይ አፉን መክፈት አይችልም፤ ተቋሙ ግን የሚጠቅመውን እየመረጠ ማውጣት ይችላል። ኮሚቴው ዲሴምበር 9 ቀን 2014 ባወጣው የጥናቱ ማጠቃለያ፣ ሲአይኤ ስለ ፕሮግራሙ ምስጢራዊ መረጃ፣ ትክክል ያልሆነ ነገር ጭምር፣ ለጋዜጠኞች እንዲደርስ ያቀናጅ እንደነበር ደርሶበታል። ስሙን የሸሸገ ምንጭ ተቋሙን ደግፎ ሲናገር በፕሮግራሙ ውስጥ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም ለአንባቢ ንገሩ። የኮሚቴው ወገን መልስ ያልሰጠው በሕግ ታስሮ ከሆነም ያንኑ ጻፉ። ዝም ማለቱ ብቻ ከተጻፈ አንባቢው ኮሚቴው ያመነ ይመስለዋል።

የአጸፋ ውንጀላም ይመጣል። በ2014 ሲአይኤ የኮሚቴውን ሠራተኞች ለፍትሕ ሚኒስቴር ጠቁሞ ነበር፤ ሚኒስቴሩ በጁላይ የወንጀል ምርመራ ለመክፈት በቂ ማስረጃ የለም አለ። ጥቆማ ክስ አይደለም፤ "ተከሰሱ" ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ሰነድ መጠየቅ

የመረጃ ነፃነት ሕጉ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ በተግባር ይዘገያል። ኮንግረስ ራሱ በዚህ ሕግ አይገዛም፤ በዚህ ምክንያት ከ6,000 ገጽ በላይ የሆነውን የኮሚቴውን ሙሉ ጥናት በፍርድ ቤት ለማስለቀቅ የተደረገው ሙከራ ከሽፏል። ስለዚህ የተቋሙን የራሱን ሰነድ ጠይቁ፦ የዋና ኢንስፔክተሩን ሪፖርት ከነቀኑ፣ ለኮሚቴው የተጻፈውን ደብዳቤ። "ስለ ጉዳዩ ያለው ሁሉ ይሰጠኝ" ያለ ጥያቄ ዓመታት ይፈጃል። "መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም" የሚል መልስ ከመጣ፣ በየትኛውም ወገን ማስረጃ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ቨርጂኒያ ያላችሁ የሴኔተር ማርክ ዋርነርን ቢሮም ጠይቁ፤ ከ2017 ጀምሮ ከኮሚቴው ሁለት መሪዎች አንዱ ናቸው።

እርማቱን መከታተል

ማርች 12 ቀን 2013 የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ጄምስ ክላፐር፣ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ አሜሪካውያን ላይ መረጃ ይሰበሰባል ወይ ተብለው በአደባባይ ሲጠየቁ "የለም" አሉ። በጁን መጀመሪያ የስልክ መረጃ የሚሰበሰብበት ምስጢራዊ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አፈትልኮ ይፋ ሆነ፤ በዚያው ወር ክላፐር ለኮሚቴው በደብዳቤ መልሳቸው ስህተት እንደነበረ ጻፉ። ማስተባበያው በካሜራ ፊት ነበር፤ እርማቱ ግን በደብዳቤ። ስለዚህ ማስተባበያ ባተማችሁ ቁጥር ወር፣ ሦስት ወርና ዓመት ሲሞላው እንድትመለሱበት ቀን ያዙ። እርማት ከተገኘ የድሮውን ዜና አታጥፉት፤ ከአናቱ ላይ ቀን ያለው ማስታወሻ አክሉ። ሬዲዮ ላይ ከሆነም ማስተባበያው በተነበበበት በዚያው ሰዓት አንብቡት።