የግድብ ውሃ ዙፕላንክተን ስንቆጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቆቃ ግድብ የተሠራው ለመብራት ነበር፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ዛሬ ዓሣ ይሰገርበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ሰውም በጀሪካን ይቀዳበታል። በአዋሽና በሞጆ ወንዝ በኩል ደግሞ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። እዚያ ዙፕላንክተን፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ እንስሳት፣ የምንቆጥረው ውሃው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ይዞ መውጣት የሚጎዳው ቀጂውን ነው።

መጀመሪያ መረቡ። የዙፕላንክተን ዋናዎቹ ሦስት ወገኖች ደቃቆቹ ሮቲፈሮች፣ የውሃ ቁንጫ የሚባሉት እነ ዳፍኒያ እና ኮፔፖዶች ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሸርጣን ዘመዶች ናቸው። ሮቲፈሮች አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳሉ። ቀዳዳው 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊ ሜትር) በሆነ መረብ ብትጎትቱ አብዛኞቹ ሾልከው ይሄዳሉ፤ ገና የተፈለፈሉት ኮፔፖዶችም እንደዚያው። ከዚያ ሪፖርቱ ላይ «ሮቲፈር ጥቂት ነው» ተብሎ ይጻፋል። ጥቂት ሆኖ ሳይሆን ስላልተያዘ ነው። 60 ማይክሮን አካባቢ ወይም ከዚያ የጠበበ መረብ ያዙ።

ጠባብ መረብ ግን የራሱ ጣጣ አለው። አፉ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መረብ 5 ሜትር ወደ ላይ ሲሳብ በሒሳብ 350 ሊትር ገደማ ያጣራል። ቆቃ ላይ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው አረንጓዴ ነገር በፈላበት ሰሞን ግን መረቡ ቀለም የተነከረ መስሎ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ያለው ጠርሙስ ውስጥ የምታገኙት ወፍራም አረንጓዴ ዝቃጭ ነው። የተደፈነ መረብ ውሃውን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያሳልፈውም። ያኔ የቆጠራችሁትን ለ350 ብታካፍሉ እንስሳቱን ከእውነቱ አሳንሳችኋቸዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ መጎተቱን ትታችሁ ውሃውን በሊትር እየለካችሁ ቅዱና በመረቡ አሳልፉት። አድካሚ ነው፤ ግን ልኩ ይታወቃል።

ከዳር ብቻ ቀድቶ መመለስም የተለመደ ነው። ወንዙ የሚገባበት፣ መሀሉ እና ግድቡ አጠገብ ያለው ውሃ አንድ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዳፍኒያ ዓሣ እንዳያየው ቀን ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲመሽ ይወጣል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ከላይ ብቻ ቀድቶ «ዳፍኒያ የለም» ማለት አይቻልም። የበጋውን ውጤት ለክረምት ማዋልም እንዲሁ ነው።

ናሙናው እንዳይበላሽ ስለምንጨምረው ማቆያ አጭር ነገር ልበል። ፎርማሊኑ ውስጥ ስኳር ጨምሩ፤ አለዚያ የዳፍኒያው ቅርፊት ይነፋና እንቁላሉን ይጥላል። ምልክቱን ደግሞ በእርሳስ ጻፉ። አልኮል ያለበት ጠርሙስ ላይ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ለቆልኝ የአንድ ቀን ሙሉ ናሙና ከየት እንደተቀዳ ሳይታወቅ ቀርቷል። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የዝርያዎችን ብዝኃነት በአንድ ቁጥር የሚገልጸው የሻነን ኢንዴክስ አጠቃቀማችን ነው። «ከ3 በላይ ንጹህ፣ ከ1 በታች የተበከለ» የሚለው መስፈርት በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ወንዝ ወለል ላይ ለሚኖሩ ነፍሳትና መሰሎቻቸው ነው፤ ለግድብ ዙፕላንክተን አልነበረም። የሚሰላበት ሎጋሪዝምም አንድ ዓይነት አይደለም። እኩል ብዛት ያላቸው ሦስት ዝርያዎች በተፈጥሯዊው ሎጋሪዝም ሲሰሉ 1.1፣ መሠረቱ 2 በሆነው ሲሰሉ 1.58 ይሰጣሉ። ደግሞም ኢንዴክሱ ስም አያነብም። ሦስቱ ዝርያዎች ቆሻሻ የሚወዱ፣ ብራኪዮነስ የሚባሉ ሮቲፈሮች ቢሆኑም፣ ሦስት የዳፍኒያ ዓይነቶች ቢሆኑም ቁጥሩ ያው ነው። ስለዚህ የዝርያዎቹን ዝርዝር ከቁጥሩ በፊት አስቀምጡ።

ዳፍኒያ ጠፋ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ ብክለት ነው ማለት አይደለም። ጎርፍ ያመጣው ደለል ምግብ የሚያጣራበትን አካሉን ይዘጋበታል። ዓሣም ትልልቆቹን ለይቶ ይበላል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላትን ጥቁርና ነጭ የሴኪ ሰሌዳ ውሃው ውስጥ አውርዳችሁ በስንት ሳንቲ ሜትር ከዓይን እንደምትሰወር መዝግቡ። ዓሣ አጥማጆቹንም ምን እየያዙ እንደሆነ ጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት የሚሠራው ዳር ላይ ነው። ጀልባው ሲጠጋ ጀሪካን የያዘች እናት «ውሃው እንዴት ነው?» ትላለች። ማይክሮስኮፕ ስር ዳፍኒያ ስላያችሁ «ደህና ነው» አትበሏት። ማይክሮሲስቲስ የሚያመነጨው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ እንስሳቱን በመቁጠር አይታወቅም፣ በማፍላትም አይጠፋም። «ለመጠጥ መሆኑን የሚለየው ሌላ ምርመራ ነው፤ አረንጓዴው ካለበት ግን አትቅጂ» በሏት።