ከኪሳራ በኋላ የብድር ታሪክን ማስተካከል፦ ችግርና መፍትሄ

ሱቁ ተዘጋ። ዕቃው ተሸጠ። መያዣው በሐራጅ ሄደ። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ከዓመታት በኋላ እንደገና ልነሳ ብሎ ሰንጋ ተራ ወይም ሜክሲኮ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋ ሲገባ ግን የብድር ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አይቶ «ስምዎ ላይ ነገር አለ» ይለዋል። ምን እንዳለ፣ ማን እንዳስገባው፣ እንዴት እንደሚነሳ የሚነግረው የለም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹ መፍትሄ አላቸውና።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የተበዳሪዎቻቸውን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ይልካሉ። አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያው ገብተው ያያሉ። ተበዳሪ የሚለየው በዋናነት በቲን ቁጥሩ ነው። ማዕከሉ ስለ እናንተ ከራሱ አንስቶ የሚጽፈው ነገር የለም። የጻፈው ያበደራችሁ ተቋም ነው፤ የሚያርመውም እሱ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የማይመለከተውን በር ሲያንኳኳ ይከርማል።

ስለዚህ የከለከላችሁን ባንክ «ለምን?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መረጃውን የላከው የትኛው ተቋም እንደሆነ፣ የየትኛው ብድር ውል እንደሆነ፣ ቀሪው ስንት ብር እንደሆነ፣ በምን ደረጃ እንደተመደበና መረጃው በየትኛው ቀን የተላከ እንደሆነ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ በጽሑፍ ይሁን። መታወቂያና ቲን አያይዛችሁ አጭር ማመልከቻ አስገቡ። ማመልከቻው በመዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ፣ ቅጂው ላይ ቁጥርና ማህተም ይረፍበት። ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ የሚቆመው በዚህች ወረቀት ላይ ነው።

ስለ ደረጃው ደግሞ ይህን ያዙ። ለአጭርና ለመካከለኛ ጊዜ ብድሮች ክፍያው 30 ቀን ካለፈው ብድሩ ልዩ ክትትል ውስጥ ይገባል። 90 ቀን ሲሞላው «የተበላሸ ብድር» ይሆናል። 180 ቀን ሲያልፈው አጠራጣሪ ይባላል። 360 ቀን ሲያልፈው የማይመለስ ተብሎ ይመደባል። ባንኩ እንዲህ መደበው ማለት ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም። ያ ምደባ የባንኩ የሂሳብ አያያዝ ነው። እናንተ ላይ ያለው ዕዳ እንዳለ ነው።

«ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ሲስተሙ ግን ዕዳ አለብህ ይላል»

በብዛት የሚሰማው አቤቱታ ይህ ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ገንዘብ ነው። ሂሳቡ የተነገራችሁ ሰኞ ነው እንበል። የከፈላችሁት ሐሙስ ነው። በመሃል ያለው ወለድ ቆጥሯል። ወይም ባንኩ ለመያዣው የከፈለው የኢንሹራንስ አረቦን፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ወጪ ወይም የጠበቃ ክፍያ በብድሩ ሂሳብ ላይ ተደምሯል። ጥቂት መቶ ብር ቀረች። ቅጣት እየተጨመረባት አደረች። ሪፖርቱ ላይ ያለው «ያልተከፈለ ብድር» እሷ ልትሆን ትችላለች።

መፍትሄው የመዝጊያ ሂሳብ መጠየቅ ነው። «ዛሬ ዘግቼ ብወጣ ስንት ነው?» በሉ። የተጻፈበትን ቁጥር በዚያው ቀን ክፈሉ። ከዚያ ሁለት ደብዳቤ ጠይቁ። አንዱ ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ ክሊራንስ ነው። ሁለተኛው የመያዣው እገዳ እንዲነሳ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚጻፈው ነው፤ ለቤት ወደ ይዞታ ምዝገባ፣ ለመኪና ወደ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ባለሥልጣን። ሰው ካርታውን ወይም ሊብሬውን ሲረከብ ደስ ብሎት ይሄዳል። እገዳው ግን በደብዳቤ ካልተነሳ መዝገቡ ላይ እንዳለ ነው። ለመሸጥ ወይም እንደገና ለማስያዝ ስትሄዱ ነው የሚወጣው።

ሌላም አለ። ክሊራንስ ሰጡ ማለት ለማዕከሉ የሚላከውን መረጃ አደሱ ማለት አይደለም። ሁለቱን የሚሠሩት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «በብድር መረጃ ማዕከል ያለው መረጃዬ ይስተካከልልኝ» የሚል የተለየ ማመልከቻ ጻፉ። ጥቂት ሳምንት ቆይታችሁ ሌላ ባንክ ሄዳችሁ ሳይሆን እዚያው አበዳሪያችሁ ጋ ተመልሳችሁ መታደሱን አረጋግጡ።

አበዳሪው በድሮ ስሙ ከሌለስ? የአማራ ብድርና ቁጠባ ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ወደ ንግድ ባንክ ተቀላቅሏል። ፋይሉ የተዛወረው ወደ ተተኪው ነውና ደብዳቤያችሁም ወደዚያው ይሂድ።

«ቤቴን ሸጡት፤ አሁንም ትከፍላለህ ይሉኛል»

ይህ ያማል። ቤት ሄዶ ዕዳ ሲቀር ከማየት የከፋ ነገር ጥቂት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የተሸጠበት ዋጋ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው በተበዳሪው ላይ ይቆያል። ከተረፈ ደግሞ ትርፉ የተበዳሪው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የማይጠይቀውን ጠይቁ፦ የሽያጩን ዝርዝር ሂሳብ። ለምሳሌ ዕዳው 4 ሚሊዮን ብር ነበር፣ ቤቱ በ3.2 ሚሊዮን ተሸጠ እንበል። ቀሪው 800 ሺህ መሆን አለበት። 1.1 ሚሊዮን ከተባላችሁ የ300 ሺው ልዩነት ከየት መጣ? ወለድ ነው? ወጪ ነው? የሽያጩ ገንዘብ ከብድሩ ላይ የተቀነሰው በስንት ቀን ነው? ገንዘቡ ገብቶ ሳይቀነስ ከቆየ ወለዱ በሙሉው ዕዳ ላይ ሲቆጠር ቆይቷል ማለት ነው። ይህንን በትህትና ግን በቁጥር አስረዱ።

የቀረው እውነተኛ ዕዳ ከሆነ ድርድር ውስጥ ግቡ። ባንክ መያዣው ያለቀበትን ዕዳ በፍርድ ቤት ማሳደድ ወጪ ስለሚያስወጣው የመክፈያ ጊዜ ለማራዘም ወይም ቅጣት ለማንሳት የሚስማማበት ጊዜ አለ። የተስማማችሁበት ነገር በውል ይስፈር። በቃል «እናየዋለን» መባል ምንም አይደለም። ጊዜው ተራዘመ ማለት ደግሞ ብድሩ ወዲያው ጤናማ ሆነ ማለት አይደለም። ደረጃው የሚመለሰው ተከታታይ ክፍያዎችን በሰዓቱ ስትፈጽሙ ነው። ስለዚህ ለመፈረም ያህል ትልቅ ክፍያ አትቀበሉ። የምትችሉትን ትንሽ ክፍያ ሳታቋርጡ መክፈል ይሻላል።

ማስጠንቀቂያው አልደረሰኝም የሚል ካለ አድራሻውን ይመልከት። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲነሱ ብዙ ሱቅና ቢሮ ቦታ ቀይሯል። የብድር ውሉ ላይ ያለው ግን የድሮው አድራሻ ነው። ደብዳቤ ወደፈረሰ ቤት ይላካል። ቦታ የቀየራችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ለእያንዳንዱ አበዳሪ አዲሱን አድራሻና ስልክ በደብዳቤ አሳውቁ። ይህን የምለው ዕዳቸው በሰላም እየተከፈለ ላሉትም ጭምር ነው።

«የከሰረው ድርጅቱ ነው፤ የእኔ ስም ለምን ገባ?»

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር የተባለው የባለድርሻውን የግል ንብረት ለመጠበቅ ነው። ባንክ ግን ይህን ስለሚያውቅ ብድር ሲሰጥ ሥራ አስኪያጁንና ባለድርሻዎቹን በዋስትና ያስፈርማል። ያን ቀን ብዙ ወረቀት ይፈረማል። የዋስትናው ውል ከመሃሉ ነው። ትዳር ያለው ከሆነ ባለቤቱም ፈርማለች። ስለዚህ የአንዱ መክሰር የሁለቱን ስም ይይዛል።

የዋስትና ውሉን ኮፒ አውጡና አንብቡ። ዋስ የሆናችሁት እስከ ስንት ብር ነው? ለየትኛው ብድር? ለአንድ ብድር የተሰጠ ዋስትና ያለ እናንተ ፊርማ ለሌላ ብድር ተዘርግቶ ከተገኘ ጠበቃ ይዛችሁ ተከራከሩ። ዕዳው ተከፍሎ ከሆነ ከዋስትና ነፃ መሆናችሁ በእያንዳንዱ ዋስ ስም ይጻፍ። ለጓደኛ ወይም ለወንድም ዋስ የሆናችሁም እንዲሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ፈቃዴን መልሻለሁ፣ ከስሬያለሁ፤ ዕዳው ለምን አይቆምም?»

ሱቅ መዝጋትና በሕግ ኪሳራ መታወጅ አንድ አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ ከስሮ የወጣ ነጋዴ ብዙው ፍርድ ቤት አልሄደም። ዝም ብሎ ዘግቶ ወጣ። ሕጉ ግን አሁን መንገድ አለው። የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ሦስተኛ መጽሐፉን ለዚህ ሰጥቶታል። ነጋዴው ክፍያ ከማቆሙ በፊት ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር የሚደራደርበት ሥርዓት አለ። ድርጅቱ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር መልሶ የሚደራጅበት አለ። ይህ ሁሉ ካልሆነ የኪሳራው ሥርዓት አለ። ይህንን ገና ትንፋሽ እያላቸው የሚሰሙ ነጋዴዎች ቢበዙ ምኞቴ ነው። አብዛኛው ሰው ጠበቃ ጋ የሚሄደው ሐራጁ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ የሚደራጅ ነገር አይኖርም።

በፍርድ ቤት ያለፋችሁ ከሆነ የውሳኔውን የተረጋገጠ ግልባጭ ለእያንዳንዱ አበዳሪ በመሸኛ ደብዳቤ አስገቡ። ባንኩ ውሳኔውን ሰምቷል ብላችሁ አትገምቱ። የብድር ክፍሉ ፋይል ውስጥ ካልገባ ለእነሱ እንደሌለ ነው። ያላለፋችሁ ከሆነ ደግሞ ዕዳችሁ ሙሉ ነው፤ ከላይ ወዳለው ድርድር ተመለሱ።

«ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም»

አዲስ አበባ ስም ከነአባትና ከነአያት የሚመሳሰልባት ከተማ ናት። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዱ ስም ሦስት ዓይነት ይሆናል። የቲን ቁጥር ላይ አንድ አኃዝ ተሳስታም ይሆናል። ፋይዳችሁን፣ የቲን ምስክር ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱና የውሉን ፊርማና ፎቶ አሳዩኝ በሉ። የሰው ከሆነ እርማቱን ባንኩ በጽሑፍ ይላክ። ውክልና የሰጣችሁት ሰው ተበድሮበት ከሆነ የውክልናውን ቃል አንብቡ፤ መበደርና ማስያዝ ተጽፎበት ከሆነ ጉዳዩ ከባንኩ ጋር ሳይሆን ከተወካዩ ጋር ነው። ፊርማው የተጭበረበረ ከሆነ ቀጥታ ፖሊስ።

«ሪፖርቴ ንጹህ ነው፤ አሁንም አላበደሩኝም»

ሁሉም እምቢታ ከታሪካችሁ አይመጣም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ነበር፤ ገደቡ ከጊዜ በኋላ ቢላላም ብድር ጠባብ የሆነበት ጊዜ ነበር። ንጹህ ታሪክ ያለውም ተመልሷል። ሌላው በተንቀሳቃሽ ንብረት የተያዘ ዋስትና ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ማሽን ወይም ዕቃ አስይዛችሁ ከነበረ ዕዳው ካለቀም በኋላ ምዝገባው ሳይሰረዝ ሊቆይ ይችላል። አበዳሪው እንዲሰርዘው ጠይቁ።

የስልክ ብድርም አትርሱ። የቴሌብር መላ፣ ምቹ የመሳሰሉትን በችግር ጊዜ ወስዶ የረሳ ሰው ብዙ ነው። ትንሽ ብር ናት፤ ዝጓት። ቼክ ግን ትንሽ አይደለም። ስንቅ የሌለው ማለትም በሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። እጃችሁ ላይ ያልተጠቀማችሁበት የድሮ ቼክ ካለ ለባንኩ መልሱት።

እንደገና ስም ለመሥራት መደበኛ ቁጠባና አነስተኛ ብድር በሰዓቱ መመለስ ይበቃል። ዕቁብ ሪፖርት ላይ አይገባም፤ ግን ካፒታል ያጠራቅማል፣ ሰውም ያውቃችኋል። አራጣ ውስጥ አትግቡ። «ውስጥ ሰው አለኝ፣ ስምህን አስጠፋልሃለሁ» ለሚል ደላላም አንድ ብር አትስጡ። እውነተኛ ዕዳን ከማዕከሉ የሚያጠፋ ሰው የለም። ገንዘባችሁን በልቶ ስልኩን ይዘጋል።

አበዳሪው ማመልከቻችሁን ካልመለሰ መጀመሪያ ወደዚያው ባንክ የቅሬታ ክፍል ሂዱ። እዚያም ካልተፈታ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለው ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይገባል፤ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ያወጣው እሱ ነው። አቤቱታው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የብድር ውሉን፣ የመዝጊያ ሂሳቡን፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ ክሊራንሱንና ገቢ የተደረገውን የመጀመሪያ ማመልከቻችሁን ኮፒ አያይዙ። ዋናዎቹን ቤት አስቀምጡ።